ጉርሻው ይቅርባት

በአዲስ አበባ በአንድ የሰፈር እድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ከስትሮክ በኋላ ስለ ማገገም በአንዲት ፊዚዮቴራፒስት የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን ዳኛ፣ የኮሚቴ አባላት፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፤ እንደምን አደራችሁ? እንኳን በሰላም ተገናኘን። የሂሳብ ሪፖርቱ ሳይቀርብ ቅድሚያውን ለእኔ ስለሰጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ብዙዎቻችሁ በእናቴ ታውቁኛላችሁ። እዚሁ ሰፈር ነው ያደግሁት። ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆኖኛል። ዘንድሮ ብቻ ከእድራችን አባላት አራት ቤት ገብቻለሁ፤ በአራቱም ቤት ሰው በስትሮክ ወድቆ ነው። እዚህ የተቀመጣችሁ ቤተሰቦቻቸው ታውቁታላችሁ። ዳኛችን “ለሁላችንም ንገሪን” ያሉኝ ለዚህ ነው።

ስለ በሽታው ምንነት ብዙ አላደክማችሁም። ወደ አንጎል ደም የሚወስድ የደም ሥር በረጋ ደም ይደፈናል፤ ወይም ይፈነዳና ደም ይፈሳል። በዚህም በዚያም ያ ሥር ይመግበው የነበረው የአንጎል ክፍል ይጎዳል። ክፍሉ እጅን የሚያዝ ከሆነ እጅ ይዝላል፤ ንግግርን የሚያዝ ከሆነ አንደበት ይያዛል። ምች አይደለም። ለከፋ አይደለም። የሰው ዓይን አይደለም። በዓለም ላይ ዕድሜያቸው 25 ዓመት ከሞላ 4 ሰዎች አንዱን በቀሪው ዘመኑ ይገጥመዋል ተብሎ ይገመታል። ይህን አዳራሽ ዞር ብላችሁ ተመልከቱት። በየአራት ወንበሩ አንድ ሰው ቁጠሩ።

ዛሬ የመጣሁት ግን አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ዓይነት ሕመም ይወድቃሉ። አንዷ በስድስት ወሯ ረከቦቷን ዘርግታ ቡና ታፈላለች። ሌላው ዓመት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ለምን? ለምንድን ነው አንዱ የሚነሳው፣ ሌላው የሚቀረው?

በእጃችን የሌለውን ቶሎ ልለፈው። የጉዳቱ ስፋትና ቦታ በእጃችን አይደለም። ዕድሜ በእጃችን አይደለም። ቀድሞ የነበረ የልብ ወይም የስኳር ሕመም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በከፊል በእጃችን ያለው ሰዓቱ ነው። ትልቅ የደም ሥር ተደፍኖ ሕክምና ባላገኘ ሰው ላይ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን የሚያህል የአንጎል ሕዋስ ይሞታል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ያውም በሲቲ ስካን ደም አለመፍሰሱ ከታየ በኋላ። ስለዚህ ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ “ትንሽ ትረፍ፣ ትተኛ” አትበሉ። “የነገ ሰው ይበለን” ብላችሁ አታሳድሯት። አስፕሪንም ከቤት አትስጡ፤ ደም እየፈሰሳት ከሆነ ያባብስባታል።

ይህን አለፍኩት። አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። እሱም ቤት ነው። የእኛ ቤት።

እኔ ሕመምተኛ ቤት የምሄደው ቢበዛ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንዳንድ ሰዓት ነው። በቀን 24 ሰዓት አለ። በመጣሁበት ቀን እንኳን 23ቱ ሰዓት የማን ነው? የእናንተ ነው። የልጇ፣ የባሏ፣ የሠራተኛዋ፣ የጎረቤቷ ነው። አንጎል የሚያገግመው በድግግሞሽ ነው። የተጎዳው ክፍል የሠራውን ሥራ ጤነኛው ክፍል ቀስ በቀስ ይማረዋል፤ የሚማረውም ሲሠራበት ነው። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች በሕክምናው ሰዓት ሕመምተኞች በደከመው እጃቸው ስንት ጊዜ ሥራ እንደሚሠሩ ቆጥረው ነበር። በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በእንስሳት ላይ በተደረገው ጥናት አንጎል ሲለወጥ የታየው ግን በቀን በመቶዎች በሚቆጠር ድግግሞሽ ነው። 32 እና በመቶዎች! ልዩነቱን የሚሞላው ማነው? እኔ አይደለሁም። እናንተ ናችሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። እናቴ በ2009 ዓ.ም. በኅዳር ወር ነው የወደቀችው። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ዛለ፤ አንደበቷ ተያዘ። እኔ በሙያው ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ለሰው አስተምራለሁ። ቤት ስገባ ግን ልጇ ነኝ። ምን አደረግሁ? አጎረስኳት። ጠዋት አጎረስኳት፣ ቀን አጎረስኳት፣ ማታ አጎረስኳት። ፀጉሯን አበጠርኩ፣ ልብሷን አለበስኩ፣ ውኃውን በአፏ ያዝኩላት። ሠራተኛችንን “እሜቴን እንዳታደክሚያት” ብዬ አዘዝኩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ! የእናቴ ቀኝ እጅ ያን ሁሉ ጊዜ ትራስ ላይ እንደ ተቀመጠ ዕቃ ተቀመጠ። ወዳጅ ዘመድ መጥቶ ሲያየኝ “እንዲህ ያለች ልጅ ይስጥ” ይለኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ዝናብ ያዘኝ፤ ታክሲ ጠፋ። ሠራተኛችን እህቷ ወልዳ ልትጠይቅ ሄዳለች። ምሳ ሰዓት እደርሳለሁ ብዬ ቤት የገባሁት ከቀኑ 9 ሰዓት አልፎ ነው። እየሮጥኩ ገባሁ። እናቴ ምን ስታደርግ አገኘኋት? አጠገቧ የነበረውን ሰሐን ጭኗ ላይ አድርጋ ትበላለች። ነጠላዋ ሽሮ ሆኗል፤ እንጀራው መሬት ላይ ወድቋል። ቀኝ እጇም እስከ አንጓዋ ሽሮ ነበር።

ልብ በሉልኝ፤ በቀኝ እጇ! ግራው ደህና ነበር፣ በግራዋ መብላት ትችል ነበር። ግን እናቴ በግራ እጇ እንጀራ ቆርሳ አታውቅም። ነውር ነው። አሳድገዋት ያደገችበት ነውር ያን ቀን ለእኔ ያቃተኝን ሥራ ሠራ።

ይሄ ሕክምና መሆኑን ታውቃላችሁ? በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ የታተመ፣ በ222 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አለ። ስትሮክ ካገኛቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው ሰዎች ናቸው። ጤነኛው እጃቸው ላይ ጓንት ነገር ተደረገላቸውና ለሁለት ሳምንት፣ ነቅተው በሚቆዩበት አብዛኛው ሰዓት፣ በደከመው እጃቸው እንዲሠሩ ተደረገ። እጃቸው ተሻሻለ፤ ከዓመት በኋላም መሻሻሉ አልጠፋም። ይህ ለሁሉ አይሆንም፤ አንጓና ጣት ጥቂትም ቢሆን መንቀሳቀስ መጀመር አለበት። የእናቴ ጣቶች መንቀሳቀስ ጀምረው ነበር። እኔ ግን አላየሁም። እንዴት ልይ? አጉራሽ ነበርኩ።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፤ ጉርሻ ፍቅር ነው። ማንም ከእኛ አይወስደውም። በስትሮክ ለወደቀ ሰው ግን ጉርሻው ይቅርበት። ጉርሻው ይቅርባትና እጇ ይሥራ። ይፍሰስ፣ ነጠላዋም ይቆሽሽ፤ ይታጠባል። አንድ እንጀራ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ይፍጅባት። ያ አንድ ሰዓት እኔ ከምሰጣት ሕክምና ይበልጣል።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን ተለወጠ። ምስር ማስለቀም ጀመርን። መጀመሪያ ባቄላ ሰጠኋት፣ ትልቅ ነው ለመያዝ ይቀላል። ቀጥሎ ሽምብራ፣ በመጨረሻ ምስር። ሲኒ ማጠብ፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ የአልጋ ልብስ ማጠፍ። በፋሲካ ዋዜማ ጥጥና እንዝርት ጠየቀችን። በቃል ሳይሆን ጣቶቿን እያሾረች፣ በምልክት። ቤታችን ውስጥ ያሉት ነገሮች ሁሉ የፊዚዮቴራፒ ዕቃ ናቸው። ውጭ አገር ውድ መሣሪያ አለ፤ መልካም ነው። ግን እንዝርትን የሚያህል ለጣት የሚሆን መሣሪያ እኔ አላየሁም።

አሁን መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። “እጇ ይሥራ” ስል የሚጎትታት ሰው አለ። አንዱ ቤት ስገባ ጎረቤቶች አባትየውን በሁለት ብብቱ ይዘው ሲያነሱት ደረስኩ። የዛለ እጅ ትከሻው ላይ የሚይዘው ጡንቻ ደክሟል፤ ሲሳብ ትከሻው ከቦታው ይወጣል። ከዚያ ሕመሙ ሌሊት አያስተኛም፤ ሰውዬውም ከሕመሙ የተነሳ እንቅስቃሴን ይፈራል። በወገቡ ያዙት። እጁን በትራስ ደግፉት። ወጌሻ ጋ ወስዳችሁም በኃይል አታሳሹት፤ እጁ የዛለው ወልቆ አይደለም፤ የተጎዳው አንጎሉ ነው። በአንድ ጎን ተኝቶ አይዋል፤ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት፣ ጀርባው ይቆስላል።

በመጀመሪያው ቀንም “ካልተራመደች” አትበሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. በ5 አገሮች፣ በ56 ሆስፒታሎች፣ 2,104 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት ወጥቶ ነበር። በ24 ሰዓት ውስጥ አጥብቀው ያስነሷቸው ሰዎች በሦስት ወራቸው በተለመደው መንገድ ከታከሙት የተሻለ አላገገሙም፤ እንዲያውም ደህና የሆኑት ያነሱ ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን የዕረፍትና የሐኪም ነው። ከዚያ በኋላ ግን በጥቂት በጥቂቱ፣ ብዙ ጊዜ ይሁን። አልጋ ጠርዝ ላይ መቀመጥ፣ ከከፍ ያለ ወንበር አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ። ዱካ ላይ አታስቀምጧት፤ ከዱካ መነሳት ለደህና ሰውም ይከብዳል።

ሌላው የሚያስፈራኝ ውኃ ነው። የስትሮክ ሕመምተኛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መዋጥ ሊያቅታት ይችላል። ያቃታት ደግሞ አትናገርም፤ አንዳንዴም አትስልም። ውኃው፣ አጥሚቱ፣ ሾርባው ወደ ሳንባ ይገባል። ከስትሮኩ የተረፈች ሴት በሳንባ ምች ትሞታለች። መዋጧ በባለሙያ ሳይታይ ምንም በአፏ አትስጡ። ጠበልም ስትወስዱላት፣ እባካችሁ፣ ይረጭላት፣ ትታጠብበት፤ ተኝታ እያለች ግን አፏ ውስጥ አታፍስሱ። ይህን ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው “ልክ ነሽ ልጄ” ብለውኛል።

ስለ አንደበት ልናገር። እናቴ ለሦስት ወር ስሜን መጥራት አቃታት። እያየችኝ፣ እያወቀችኝ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ “እ… እ…” ብላ ታለቅስ ነበር። አንድ ማታ አጠገቧ ሆኜ “አባታችን ሆይ” ስል ተቀበለችኝ። “በሰማያት የምትኖር…” ብላ እስከ “አሜን” ድረስ አወረደችው! ቃል ሳታጓድል! ተነስቼ ወጥቼ በረንዳ ላይ አለቀስኩ። ተአምር ነው ብዬ ነበር። ተአምርነቱን አልክድም፤ አሠራሩም ግን ይታወቃል። ከልጅነት ጀምሮ በቃል የተያዘ ጸሎት፣ መዝሙር፣ ቁጥር፣ የሳምንቱ ቀናት፣ አዲስ ዓረፍተ ነገር ከምንሠራበት በተለየ መንገድ ይመጣሉ። ስሟን የማትጠራ ሴት መዝሙር ልትዘምር ትችላለች። አንድ ሙስሊም አባት አሉ፤ ከእኔ ጋር አንድም ቃል ሳይነጋገሩ አል ፋቲሓን ይቀሩ ነበር። ያንን በር ተጠቀሙበት። አብራችሁ ጸልዩ፣ አብራችሁ ዘምሩ፣ አብራችሁ ቁጠሩ። ስትናገር አትቀድሟት። ቃሉን ከአፏ አትንጠቋት። ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ መጠበቅ ከባድ ነው፣ ግን ጠብቁ።

ደግሞ አልተናገረችም ማለት አልሰማችም ማለት አይደለም። ሊጠይቅ የመጣ ሰው ጭንቅላቷ አጠገብ ቆሞ “አይ፣ ይቺማ አለቀላት” ሲል ሰምቻለሁ። ሰምታለች! ትሰማለች! አትበሉ፣ እባካችሁ አትበሉ።

የማየት ነገርም አለ፤ ይህን የማውቀው ከአንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የአንጎሉ ቀኝ ክፍል ተጎድቶ ግራ ጎኑ ዛለ። ሚስቱ “ተቀይሞኛል” ትላለች። ምን ሆነ? ብላት፣ ከትሪው በስተቀኝ ያለውን ብቻ ይበላል፣ በስተግራ ያለውን የሚወደውን አልጫ አይነካም አለችኝ። ጢሙንም ሲላጭ የቀኙን ብቻ ይላጫል። በግራው በኩል ሆና ስትጠራው አይዞርም። “ለከፋ ነው” ብለው ሁለት ቦታ ወስደውት ነበር። ዓይኑ ያያል፤ አንጎሉ ግን ግራ የሚባል ወገን መኖሩን ረስቷል። ሚስቱን “ትሪውን አዙሪለት” አልኳት። አዞረችለት፤ በላ። ከዚያ ቀስ በቀስ ግራውን እንዲፈልግ አስተማርነው፦ ሬዲዮኑን በግራ፣ የሚወዳትን ልጁን በግራ፣ የአልጫውን ሽታ በግራ። ሴትየዋ ያን ቀን ከትከሻዋ ላይ የወረደላትን ሸክም አልረሳውም። ባሏ አልተቀየማትም ነበር።

ስለ መንፈስ መሰበርም አንድ ነገር ልበል። ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች ሲሦ ያህሉ በድባቴ ይያዛሉ። ይህ “ተስፋ ቆርጣለች” ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ሕመም ነው፣ መድኃኒትም አለው። በድባቴ የተያዘ ሰው እጁን አያሠራም፣ መድኃኒቱን አይውጥም፣ ልምምዱን ይተዋል። ለሳምንታት ያልሳቀች፣ ያልበላች፣ ያልተኛች ከሆነ ለሐኪም ንገሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፤ ወንበር ይጠፋል። በሦስተኛው ወር ማን ይመጣል? ማንም አይመጣም። ያ ሦስተኛ ወር ነው ሰው የሚፈለግበት። ፈጣኑ መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ከዚያ ይዘገያል። ቤተሰቡ “በቃ ቆመ” ብሎ የሚተወው ያኔ ነው። አልቆመም! ዘገየ እንጂ አልቆመም። እናቴ በእንዝርት የመጀመሪያውን ድውር የፈተለችው በአሥራ አንደኛው ወሯ ነው።

መድኃኒት። አሳጥራለሁ፤ ግን ስሙኝ። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ዳግም የመውደቁ ዕድል ከሌላው ሰው ይበልጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ በስንት ልፋት የተመለሰውን ይወስዳል። ትልቁ ምክንያት ግፊት ነው። የግፊት መድኃኒት “ተሽሎኛል” ተብሎ አይቆምም፤ የተሻለው በመድኃኒቱ ነዋ። በጾም ምክንያት መድኃኒት የምታቆሙ፣ አውቃችኋለሁ፣ እዚህ ተቀምጣችኋል። የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ ኢማሙን ጠይቁ፣ ሐኪሙን ሰዓቱን አስተካክሉልኝ በሉት። ሽሮው ላይ ጨው ቀንሱ፤ ለታመመው ብቻ አይደለም፣ ለመላው ቤት።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ለእድሩ ነው። ዕቃ ቤታችን ውስጥ ምን አለን? ድንኳን አለን። 200 ወንበር አለን። ብረት ድስት፣ ትሪ፣ ጆግ አለን። ሁሉም ሰው ሲሞት የሚወጣ ነው። ለሞተ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን እንተክላለን፤ ይህ ትልቅ ክብራችን ነው፣ አባቶቻችን ያቆዩልን ነው። አልጋ ላይ ላለው ሰውስ? ዘንድሮ የገባሁባቸው አራቱም ቤቶች ዊልቸር አልነበራቸውም። በሦስቱ ቤት ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ ቁጢጥ ብለው የሚቀመጡበት። አንዲት እናት እዚያ ለመድረስ ስትል ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሯል። መቀመጫው መሐል ላይ የተበሳ አንድ የእንጨት ወንበርና ከሥሩ አንድ ባልዲ ቢኖር ኖሮ አትሰበርም ነበር። አንድ የእንጨት ወንበር!

የምጠይቀው ይህን ነው። በዕቃ ቤታችን አንድ ዊልቸር፣ ሁለት ተይዞ የሚሄድበት ዎከር፣ ሦስት የመጸዳጃ ወንበር ይቀመጥ። እንደ ድንኳኑ ይውጣ፣ ሥራው ሲያልቅ ይመለስ። ወንበሮቹን እዚሁ ሰፈር ያለው አናጢያችን እንጨቱን ከገዛንለት በነጻ እሠራለሁ ብሎኛል፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ሁለተኛ፣ ጥየቃው ተራ ይውጣለት። ሁላችንም በአንድ እሑድ ከምንሞላው፣ በየቀኑ አንድ ሰው፣ አንድ ሰዓት። መጥቶ ከንፈር አይምጠጥ፤ ከእሷ ጋር ምስር ይልቀም፣ ከእሷ ጋር አሥር ጊዜ ይነሳ ይቀመጥ። ልጅቷም በዚያች ሰዓት ገበያ ትሂድ፣ ትተኛ። አስታማሚም ሰው ነው፤ እኔ አስታማሚ ሆኜ አይቼዋለሁ።

ሐሳቡን ጽፌ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ፤ ከሂሳብ ሪፖርቱ በኋላ ድምፅ እንድትሰጡበት እለምናለሁ። ሁለት የግፊት መለኪያ ይዤ መጥቻለሁ፤ ሻይ ሲቀርብ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እሆናለሁ። እናቴም እዚያው ናት፤ ስማችሁን የምትመዘግበው እሷ ናት። ቀስ ብላ ነው የምትጽፈው፤ ፊደሏ እስኪያልቅ ጠብቋት።